«ብዙ የማታሰጋው» ትንሿ ጉጉት፦ የአንድ ዝርያ ስርጭትና የጥበቃ ይዞታ እንዴት ይለካል?

መግቢያ

ስለ አንድ የዱር እንስሳ ይዞታ ሲነሳ ዘወትር የሚቀርቡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። እነርሱም «የት የት ይገኛል?» እና «ለመጥፋት ምን ያህል ተቃርቧል?» የሚሉት ናቸው። ጥያቄዎቹ የባዮሎጂ ብቻ ቢመስሉም በውስጣቸው የመለኪያ፣ የስሕተት መጠንና የዕድል ስሌት አለባቸው። እነዚህ ደግሞ እኛ ፊዚክስ የምናስተምር ሰዎች በየቤተ ሙከራው ከተማሪዎቻችን ጋር የምንነጋገርባቸው ጉዳዮች ናቸው። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ በስምጥ ሸለቆዋ ከተማ በባቱ፣ በቀድሞ ስሟ በዝዋይ፣ እና በአካባቢዋ ባሉት የግራር ጫካዎች የምትኖረውን አንዲት ትንሽ ጉጉት ምሳሌ አድርገን የአንድ ዝርያ ስርጭት እንዴት እንደሚለካ፣ የልኬቱ ውጤትም ምን እንደሚነግረንና ምን እንደማይነግረን እንመለከታለን።

ወፏን እንወቃት

የዓለም ሳይንስ ይህችን ወፍ ግላውሲዲየም ፐርላተም ይላታል። ሁለተኛው ቃል በዕንቁ ያጌጠች ማለት ሲሆን፣ ስሙ የወጣላት በጀርባዋ፣ በክንፏና በጭራዋ ላይ ዕንቁ መስለው ከተበተኑት ነጫጭ ነጠብጣቦች ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ባለዕንቁ ጉጉት እያልን እንጠራታለን። ቁመቷ ከ17 እስከ 21 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ እንደ አብዛኞቹ አዳኝ አእዋፍ ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች። ክብደቷም በአብዛኛው ከ60 እስከ 150 ግራም ባለው መካከል ነው። ዓይኖቿ ቢጫ፣ ራሷ ክብ፣ ጭራዋ ከአካሏ አንጻር ረዘም ያለ ነው። በብዙ ጉጉቶች ራስ ላይ የምናየው የቆመ ጆሮ መሳይ ላባ የላትም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው በማጅራቷ ላይ ያሉት ሁለት ጥቁር ምልክቶች ናቸው። ከኋላ ለሚያያት ሁለተኛ ፊት ያላት ትመስላለች። ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት እነዚህ የሐሰት ዓይኖች ከበስተ ኋላ ሊያጠቋት ወይም ተሰብስበው ሊያዋክቧት የሚመጡ ወፎችን ሳያደናግሩ አይቀሩም። ይህም የሚያስፈልጋት ከሌሎች ጉጉቶች በተለየ በቀን ብርሃንም ስለምትንቀሳቀስ ነው። ምግቧ በብዛት ፌንጣ፣ ጢንዚዛና የመሳሰሉት ነፍሳት ሲሆኑ፣ እንሽላሊት፣ አይጥ፣ የሌሊት ወፍና ትናንሽ ወፎችንም ትይዛለች።

በድቅድቅ ጨለማ በድምፅ ብቻ የምታድነው የጎተራ ጉጉት ድምፅን የሚሰበስብ ሰፊ የፊት ገበታና ድምፅ አልባ የክንፍ ምት አላት። የባለዕንቁ ጉጉት የፊት ገበታ ያን ያህል የጎላ አይደለም። በአብዛኛው በዓይኗ ስለምታድን ነው ማለት ይቻላል።

በባቱ፣ በላንጋኖና በአብያታ ሻላ አካባቢ ከእርሷ ጋር የሚምታቱ ሌሎች ትናንሽ ጉጉቶች አሉ። ኦተስ ሴኔጋለንሲስ የምትባለው ጉጉት በመጠን ትቀራረባታለች። ነገር ግን ጆሮ መሳይ ላባ አላት፣ መልኳም ከዛፍ ቅርፊት የማይለይ ነው። ፕቲሎፕሲስ ሊዩኮቲስ የተባለችው ደግሞ ከሁለቱም ከፍ ትላለች፤ ነጭ ፊቷ በጥቁር መስመር የተከበበ ሲሆን ዓይኖቿ ብርቱካንማ ናቸው። እነዚህን ለይቶ ማወቅ የማንኛውም ቆጠራ የመጀመሪያ እርምጃ ነው።

ቀዩ መዝገብ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ1948 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ1964 ጀምሮ የዝርያዎችን የአደጋ ደረጃ የሚያሳይ «ቀይ መዝገብ» ያዘጋጃል። በዚህ መዝገብ ባለዕንቁ ጉጉት «ብዙ የማያሰጋ» በሚለው ደረጃ ተመዝግባለች። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያና ሶማሊያ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ እስከ ደቡብ አፍሪካ ሰሜናዊ ክፍል ድረስ በደረቃማው ሣርና ዛፍ በተቀላቀለበት ምድር ስለምትገኝ ምደባው ትክክል ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ደረጃ የተሰጠው ለዓለም አቀፍ ይዞታዋ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ከመመዘኛዎቹ አንዱን እንመልከት። አንድ ዝርያ በ10 ዓመት ወይም በ3 ትውልድ፣ ከሁለቱ በሚረዝመው ጊዜ ውስጥ፣ ቁጥሩ ቢያንስ በ30 በመቶ ከቀነሰ «ተጋላጭ» ሊባል ይችላል። እስቲ ለስሌት ያህል የአንዲት ወፍ መኖሪያ 10 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ከዚህ ውስጥ በአንድ የስምጥ ሸለቆ አካባቢ 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ጫካ ሙሉ በሙሉ ተጨፍጭፎ ወፏ ከዚያ ብትጠፋ፣ የጠፋው መኖሪያ ከጠቅላላው 0.01 በመቶ ብቻ ነው። በዚያ አካባቢ ላለ ሰው ጥፋቱ መቶ በመቶ ሆኖ ሳለ በዓለም መዝገብ ላይ አንዲት ፊደል እንኳ አትለወጥም።

እንግዲህ «ብዙ የማያሰጋ» ማለት «የትም ቦታ ምንም አይደርስባትም» ማለት አይደለም። አማካይ የሙቀት መጠን የአንድን ክፍል አንዱን ማዕዘን እንደማይገልጸው ሁሉ ዓለም አቀፍ ደረጃም የአንድን ወረዳ ሁኔታ አይገልጽም። ኅብረቱ ራሱ ይህን በመገንዘብ መመዘኛዎቹ በአገርና በክፍለ አህጉር ደረጃ እንዴት እንደሚሠራባቸው የሚያሳይ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 አውጥቷል።

ስርጭት በስንት ካሬ ኪሎ ሜትር?

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ስፋት አንድና ቁርጥ ያለ ቁጥር ይመስላቸዋል። የዝርያ ስርጭት ግን እንደምንለካበት መሣሪያ ይለያያል። ቀዩ መዝገብ ሁለት ዓይነት ስፋት ይጠቀማል። አንደኛው ዝርያው የታየባቸውን ዳርቻ ነጥቦች በመስመር አገናኝተን የምናገኘው የዳር ድንበር ስፋት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ካርታውን በ2 ኪሎ ሜትር በ2 ኪሎ ሜትር አራት ማዕዘኖች ከፋፍለን ዝርያው የሚገኝባቸውን አራት ማዕዘኖች ብቻ በመቁጠር የሚገኘው በእርግጥ የተያዘው ስፋት ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ጉጉት በአምስት ቦታዎች ታየች እንበል። ሦስቱ ቦታዎች መሠረቱ 60፣ ከፍታው 100 ኪሎ ሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ ሁለቱ በውስጡ ናቸው። የዳር ድንበሩ ስፋት የመሠረቱና የከፍታው ብዜት ግማሽ በመሆኑ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሁለተኛው ዘዴ ግን እያንዳንዱ አራት ማዕዘን 4 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነ ውጤቱ 5 ጊዜ 4፣ ማለትም 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ነጥቦቹ ያው አምስቱ ናቸው፤ ሁለቱ ቁጥሮች ግን በ150 እጥፍ ይለያያሉ።

ይህ ነገር በአገራችን ካርታዎችም ላይ ይታያል። የኢትዮጵያ አእዋፍ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1971 በኤሚል ኧርባንና በሌስሊ ብራውን ተዘጋጅቶ በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ታትሞ ነበር። በ2009 ደግሞ ጆን አሽና ጆን አትኪንስ የኢትዮጵያንና የኤርትራን አእዋፍ ስርጭት በካርታ የሚያሳይ ትልቅ ሥራ አሳተሙ። ካርታው በግማሽ ዲግሪ አራት ማዕዘኖች የተከፋፈለ ነው። በባቱ ኬክሮስ፣ በ8 ዲግሪ ሰሜን ገደማ፣ የአንዱ አራት ማዕዘን ጎን ወደ 55 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐይቅ፣ እርሻ፣ ከተማና ጫካ በአንድነት በዚያ አራት ማዕዘን ውስጥ ይወድቃሉ። አንዲት ጉጉት በአንድ ዛፍ ላይ ብትገኝ አራት ማዕዘኑ ሁሉ ይጠቆራል። ይህ ዓይነቱ ካርታ ለአገር አቀፍ ምስል እጅግ ጠቃሚ ሲሆን፣ «የባቱ ግራሮች ከተቆረጡ ወፏ ምን ትሆናለች?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እንዲሰጥ የተዘጋጀ አይደለም። በሜትር የሚለካን ነገር በኪሎ ሜትር ማስመሪያ መለካት አይቻልምና።

ድምፅ፣ ርቀትና ቆጠራ

ጉጉት ከመታየት ይልቅ በመሰማት ትታወቃለች። ባለዕንቁ ጉጉትም ቀስ በቀስ እየጠነከረና እየቀጠነ የሚወጣ ተከታታይ ፉጨት፣ በመጨረሻም ረዘም ብለው የሚወርዱ ፉጨቶች ታሰማለች። ስለዚህ ቆጠራዋ ከድምፅ ፊዚክስ ጋር የተያያዘ ነው።

ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ድምፅ በሁሉም አቅጣጫ ሲሰራጭ ጥንካሬው በርቀቱ ካሬ መጠን ይቀንሳል። ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የድምፁ ደረጃ በ6 ዲሲቤል ይወርዳል፤ ርቀቱ በ10 እጥፍ ሲጨምር ደግሞ በ20 ዲሲቤል ይወርዳል። ለምሳሌ የፉጨቱ ደረጃ በ1 ሜትር ርቀት 80 ዲሲቤል ነው ብንል በ100 ሜትር ርቀት 40 ዲሲቤል ይሆናል። ሰው ፉጨቱን የሚሰማው በአካባቢው ካለው ጫጫታ እስካላነሰ ድረስ ነው እንበል። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አውራ መንገድ አጠገብ የጭነት መኪናዎች ጫጫታ 40 ዲሲቤል ቢሆን የምንሰማው እስከ 100 ሜትር ድረስ ብቻ ነው። ከመንገዱ ርቀን ጫጫታው 30 ዲሲቤል በሆነበት ስፍራ ብንቆም ግን እስከ 316 ሜትር ድረስ እንሰማለን። በመጀመሪያው ቦታ የምናዳምጠው ስፋት 3 ሔክታር ገደማ፣ በሁለተኛው 31 ሔክታር ገደማ ነው።

ውጤቱን እናስተውል። የጉጉቶቹ ብዛት በሁለቱም ቦታ እኩል ቢሆን እንኳ በጸጥተኛው ስፍራ የምንቆጥረው በአሥር እጥፍ ይበልጣል። የጫጫታውን መጠን ያልመዘገበ ቆጣሪ «ጉጉቶች ከመንገድ ይሸሻሉ» ብሎ ሊደመድም ነው። ሸሽተው ሊሆን ይችላል፤ ይህን ግን ቆጠራው ብቻውን አላረጋገጠም።

የሙቀት ሁኔታም የራሱ ድርሻ አለው። በጠራ ሌሊት መሬቱ ስለሚቀዘቅዝ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከላዩ ካለው ይልቅ ቀዝቃዛ ይሆናል። ድምፅ በሞቃት አየር ውስጥ ይፈጥናል፤ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ፣ በ25 ዲግሪ 346 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በዚህ ምክንያት ወደ ላይ የወጣው ድምፅ ተጎብጦ ወደ መሬት ይመለሳል፤ ሩቅ ያለ ፉጨትም ይሰማል። በቀትር ግን ሁኔታው ይገለበጣል። ስለዚህ በንጋት የተደረገን ቆጠራ ከቀትር ቆጠራ ጋር ማወዳደር ሁለት ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን እንደ አንድ እንደ መቁጠር ነው።

ያልተሰማ ሁሉ የለም ማለት ነውን?

ወፏ በአንድ ስፍራ እያለች በአንድ ጉብኝት የምትሰማበት ዕድል 0.4 ነው እንበል። ሳትሰማ የምትቀርበት ዕድል 0.6 ነው። ሦስት ጊዜ ተመላልሰን ሦስቱንም ጊዜ የማንሰማት ዕድል 0.6 ለሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 0.216 ይሆናል። ከአምስት ስፍራዎች በአንዱ ያህል ወፏ እያለች «የለችም» ብለን እንጽፋለን ማለት ነው። ይህን የስሕተት ዕድል ከ5 በመቶ በታች ለማውረድ ስድስት ጉብኝት ያስፈልጋል። በአንድ ቅዳሜና እሑድ ጉዞ «ጠፍታለች» ብሎ ማወጅ ለምን እንደማይቻል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከዓለም ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር የምትሆነን የህንዷ የደን ትንሽ ጉጉት ናት። ይህች ጉጉት እ.ኤ.አ. በ1873 በሳይንስ ከተመዘገበች በኋላ የመጨረሻው ናሙና የተሰበሰበው በ1884 ነበር። ሪቻርድ ማይነርትዛገን የተባለ እንግሊዛዊ በ1914 አንድ ናሙና ሰብስቤያለሁ ብሎ ቦታውን አስመዘገበ። ፈላጊዎችም ይህን ቦታ ከሚታሰሱት ስፍራዎች መካከል ቆጠሩት። ኋላ ሲመረመር ናሙናው ከሙዚየም የተወሰደና በሐሰት ምልክት የተለጠፈበት መሆኑ ተረጋገጠ። ፓሜላ ራስሙሰንና ባልደረቦቿ ይህን የሐሰት መረጃ ትተው እውነተኞቹ ናሙናዎች በተገኙባቸው አካባቢዎች ሲፈልጉ በኅዳር ወር 1997፣ ከ113 ዓመት በኋላ፣ ወፏን በሕይወት አገኟት። በተከታዮቹ ዓመታት በሌሎች ስፍራዎችም በመገኘቷ በ2018 የአደጋ ደረጃዋ አንድ እርከን ዝቅ ብሏል። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አለመገኘት የመጥፋት ማስረጃ አይደለም፤ አንድ የተፈጠረ መረጃም የብዙ ሰዎችን ድካም ሊያሳስት ይችላል።

በአገራችንም በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1990 ከተገኘ አንድ ክንፍ ብቻ በመነሣት አንዲት የሌሊት ወራሪ ወፍ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዝግባለች። የስሟ ትርጉም ራሱ አንድ ክንፍ ብቻ ማለት ነው። አንድ በጥንቃቄ የተያዘ መረጃ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከዚህ እንረዳለን።

ጎጆዋ ያለው በአሮጌው ዛፍ ውስጥ ነው

አሁን ወደ ባቱ እንመለስ። በአካባቢው የጥበቃ ነገር ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያስበው የውሃ ወፎችን ነው፤ የዝዋይን ሐይቅ ዓሣ በል አእዋፍ፣ የአብያታን ፍላሚንጎዎች፣ በሻላ ደሴት የሚራቡትን ነጭ ፔሊካኖች። የአብያታ ሐይቅ ከ1970ዎቹ ወዲህ የስፋቱን ግማሽ ያህል ማጣቱም ብዙ ተጽፎበታል። የባለዕንቁ ጉጉት ዕጣ ግን የተያያዘው ከውሃው ይልቅ ከግራሩ ጋር ነው።

ይህች ጉጉት የራሷን ጎጆ አትሠራም። እንቁላሏን፣ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 የሚደርሱትን፣ የምትጥለው ግንደ ቆርቁርና ሌሎች ግንድ ፈልፋይ ወፎች ትተውት በሄዱት ቀዳዳ ወይም ዛፉ ራሱ ሲያረጅ በተፈጠረ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ለአንድ ወር ገደማ ትታቀፋለች፤ ጫጩቶቹም ለመብረር ሌላ አንድ ወር ያህል ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ሰንሰለቱ እንዲህ ነው፦ ዛፉ ያረጃል፤ ግንደ ቆርቁር ይፈለፍለዋል፤ ጉጉቷ ትወርሰዋለች፤ በዙሪያው ያለውን ፌንጣና አይጥ ትለቅማለች። የመጀመሪያው ቀለበት ከተቆረጠ የቀሩት ሁሉ ይረግፋሉ።

የመጀመሪያውን ቀለበት የሚቆርጠው በዋነኛነት የከሰልና የእርሻ መሬት ፍላጎት ነው። በባህላዊ መንገድ በአፈር ተሸፍኖ ሲከሰል ከደረቅ እንጨቱ ክብደት ወደ ከሰልነት የሚለወጠው ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በመካከለኛው፣ በ15 በመቶ ብናሰላ፣ 30 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ጆንያ ከሰል 200 ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት ይፈልጋል። ለከሰል የሚመረጠው ደግሞ ወፍራሙና ያረጀው ግንድ፣ ማለትም ቀዳዳ ሊኖረው የሚችለው ዛፍ ነው። በምትኩ ችግኝ መትከል መልካም ቢሆንም ችግኝ ቀዳዳ የለውም፤ ግንዱ ወፍሮ ግንደ ቆርቁር እስኪፈለፍለው አሥርት ዓመታት ያልፋሉ። የባሕር ዛፍ ተክልም ይህን ቦታ አይሞላም።

ይህን ስንል ከሰል የሚያከስለውን ገበሬ ልንወቅስ አይደለም። ዝናብ ባነሰበት ዓመት ጆንያው የልጆቹ ደብተርና የቤቱ እህል ነው። ከሰሉ የሚነደው ደግሞ በአዳማና በአዲስ አበባ ባሉት ቤቶች፣ ይህን ጽሑፍ በምናነበው በእኛው ምድጃ ላይ ጭምር ነው። እንጨት ቆጣቢ ምድጃና አስተማማኝ የኤሌክትሪክ ኃይል የጉጉት ጥበቃ አካል ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ስጋት በአእምሯችን ውስጥ ያለ ነው። በብዙ አካባቢ የጉጉት ጩኸት የሞት ወይም የክፉ ነገር ምልክት ተደርጎ ስለሚታሰብ በድንጋይ ትባረራለች፤ ትገደላለችም። ፉጨቷ ለጓደኛዋ «ይህ ክልል የእኔ ነው» የምትልበት መሆኑን፣ በቀን የምትለቅመው ፌንጣም የገበሬውን ማሳ የሚጎዳ መሆኑን የተረዳ ተማሪ ለታናናሾቹ ሊያስረዳ ይችላል። ሦስተኛው በሐይቁ ዙሪያ በሽንኩርትና በቲማቲም ማሳዎች የሚረጨው የነፍሳት ማጥፊያ ነው። ነፍሳት የሚበላ እንስሳ ምግቡ ሲመናመን ወይም ሲመረዝ መጎዳቱ አይቀርም።

ሕጉን በተመለከተ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥቷል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል የሆነችበት የዱር እንስሳት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነትም ጉጉቶችን በቁጥጥር ሥር ያደርጋል። ሆኖም የንግድ ሕግ ዛፉን አያድነውም።

ተማሪዎች ምን ሊሠሩ ይችላሉ?

በባቱ፣ በመቂ፣ በአዳማ ወይም በሻሸመኔ የሚገኝ የሳይንስ ክበብ ያለ ውድ መሣሪያ እውነተኛ መረጃ ሊሰበስብ ይችላል። የሚከተለውን አሠራር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ እርስ በርሳቸው ቢያንስ 500 ሜትር የሚራራቁ 12 የማዳመጫ ነጥቦች ይመረጡ። ግማሾቹ ግራር ባለበት፣ ግማሾቹ በእርሻ መካከል ይሁኑ። ከመንገድ ያላቸው ርቀትም ይመዝገብ።

ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ በንጋት 10 ደቂቃ በጸጥታ ይደመጥ። ቢያንስ ስድስት ጊዜ በተለያዩ ቀናት ይደገም። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ነፋሱና ጫጫታው ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ያልተሰማበት ቀንም እንደተሰማበት ቀን ሁሉ ይመዝገብ። ዜሮ መረጃ ነው። ዜሮ የሌለበት መዝገብ የወፏን ዕድል ሊያሰላ አይችልም።

አራተኛ፣ በየነጥቡ ዙሪያ በ100 ሜትር ክልል ውስጥ ቀዳዳ ያላቸው ዛፎች ይቆጠሩ፤ የግንዳቸው ዙሪያም በሜትር ይለካ። ቀዳዳዎቹ ውስጥ እጅ አይገባም፤ የምታቅፍ ወፍም አትረበሽም። የተቀዳ ድምፅ እየደጋገሙ ማሰማትም ወፏን ከሥራዋ ስለሚያውካት አይመከርም።

አምስተኛ፣ እርግጠኛ ያልሆንበት ድምፅ «ያልታወቀ» ተብሎ ይጻፍ። የህንዱን የሐሰት ናሙና እናስታውስ።

እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የዝዋይ ሐይቅንና የአብያታ ሻላን ክልል በአገሪቱ ለአእዋፍ ጠቃሚ ከሆኑ ስፍራዎች መካከል መዝግቧቸዋል። በጥንቃቄ የተያዘ የተማሪዎች መዝገብ ለእንዲህ ዓይነት ተቋማትና ለፓርኩ ሠራተኞች ሊቀርብ የሚችል ነው።

ማጠቃለያ

ባለዕንቁ ጉጉት በዓለም ደረጃ ለመጥፋት የተቃረበች አይደለችም። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የሞከርነው ግን ይህ እውነት ከባቱ ግራሮች በላይ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ስፋት የተለካ አማካይ መሆኑን ነው። ስፋት በመለኪያው መረብ ይወሰናል፤ ቆጠራ በጫጫታና በሙቀት ይለወጣል፤ አለመስማትም የራሱ ዕድል አለው። እነዚህን ያልገመተ ሰው ወይ ያለችውን ወፍ ጠፍታለች ይላል፣ ወይም እየጠፋች ያለችውን አለች እያለ ይዘናጋል። ከሁለቱ የከፋው ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው በሌላ ንጋት ሊታረም ይችላል፣ የተቆረጠ የመቶ ዓመት ግራር ግን በአንድ የተማሪ ዕድሜ ውስጥ ተመልሶ አይበቅልም። ዛሬ የሚጀመር መዝገብ ከአሥር ዓመት በኋላ ለሚመጡት ተማሪዎች የማወዳደሪያ መነሻ ይሆናቸዋል። ያለ መነሻ ልኬት ደግሞ ለውጥን መለካት አይቻልም።